እጅ የሰጠ ወታደር የማን ነው?

በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.፣ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ፣ ሁለት የኢትዮጵያ ጦር መሪዎች ቡድኖች በሁለት ቦታ ለጠላት እጅ ሰጡ። ከሽሬ ግንባር ተነሥተው እስከ ጎሬ የዘለቁት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ፣ ጎጀብ ወንዝ ዳር በውኃውና በኢጣሊያ ጦር መካከል ተከበው መሄጃ ቢያጡ፣ የቀረውን ሰው ከማስፈጀት ብለው ራሳቸውን አሳልፈው ሰጡ። በሰላሌ በኩል ደግሞ የልዑል ራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን፣ ሕይወታቸው እንደማይነካ ከጠላት ጄኔራል ቃል ተሰጥቷቸው ገቡ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተግዘው በፖንዛ ደሴት ታሠሩ፤ በኋላም ለአገራቸው በቅተው በዋሺንግተን የኢትዮጵያ አምባሳደር ለመሆን ቻሉ። ሁለቱ ወንድማማቾች ግን ፍቼ ላይ፣ ቃሉን በሰጧቸው ሰዎች እጅ ተገደሉ።

ድርጊቱ አንድ፣ ወሩ አንድ፣ ጠላቱም አንድ ነበር። በአገሪቱ መታሰቢያ ውስጥ ሦስቱም በአርበኝነት ተመዘገቡ እንጂ «ለምን እጃችሁን ሰጣችሁ?» ብሎ የሚወቅሳቸው ታሪክ ጸሐፊ እምብዛም የለም። እንግዲህ ዛሬ በየመድረኩና በየስልኩ መስኮት «እውነተኛ ወታደር ከመማረክ ሞትን ይመርጣል» የሚለው ፉከራ ከፍ ብሎ በሚሰማበት ጊዜ፣ ይህ ጋዜጣ ጥያቄውን ከፉከራው አውጥቶ በሚገባው ወንበር ላይ ሊያስቀምጠው ይወድዳል። ወታደር ሞትን ይመርጣል ወይስ ምርኮን? ጥያቄው እስከ ዛሬ የቀረበው ለወታደሩ ነው። እኛ እንደምናምነው ግን መልሱ በአመዛኙ በወታደሩ እጅ አይደለም። ማራኪው ምን እንደሚያደርገው፣ የላከው መንግሥትስ እንዴት እንደሚቀበለው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው ጣቱን በቃታው ላይ የሚያቆየው ወይም የሚያነሣው።

ስለ ጉዳዩ የሚናገር ኢትዮጵያዊ ሁሉ መቅደላን መጥቀሱ አይቀርም፤ እኛም አናልፈውም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር በእጅ መግባትን እንቢ ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ። ድርጊቱ ለትውልድ የኩራት ስንቅ ሆኖ ኖሯል፤ ያንን ኩራት ልንቀንስ አንነሣም። ነገር ግን በዚያው ቀን በዚያው ተራራ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ወታደሮች መሣሪያቸውን አስቀምጠው በሕይወት ወደየቀያቸው መውረዳቸውን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው፤ የንጉሡ የሰባት ዓመት ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ግን የአባቱ ዓይነት ምርጫ ሳይቀርብለት ባሕር ተሻግሮ ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. በባዕድ አገር እንደ ሞተ ሁሉም ያውቀዋል። ደግሞም ከመቅደላው ቀን ጥቂት ቀናት በፊት በእስላምጌ ገደል ላይ በመቶ የሚቆጠሩ የአገሬው እስረኞች በንጉሡ ትእዛዝ ተገድለዋል። የአንድን ሰው ሞት የጀግንነት ሚዛን አድርጎ ሌሎቹን ሁሉ በእርሱ ላይ መመዘን፣ ከዚያ ቀን እውነት ግማሹን ብቻ መያዝ ነው።

የቃኘው ሻለቃም እንዲሁ ነው። በኮሪያ የዘመተው ሠራዊታችን ከ120 በላይ ሰው ሞቶበት፣ ከ500 በላይ ቆስሎበት፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ ተመለሰ፤ የምርኮኛ ልውውጥ ሲደረግ የሌላው አገር ወታደር በየስሙ ሲጠራ ከኢትዮጵያ ወገን የሚጠራ ስም አልነበረም። ይህ እውነተኛ ክብር ነው። ነገር ግን ለቃኘው ልጆች የቆመው ሐውልት ለሌሎቹ የክስ ወረቀት ሊሆን አይገባም። በሌላ ምድር፣ በሌላ ጦርነት፣ ጥይቱ አልቆበትና ረዳት አጥቶ የተያዘ ወታደር፣ ከኮሪያው ዘማች ያነሰ ልብ ነበረው ብሎ የሚፈርድ ሰው፣ በዚያ ምሽግ ውስጥ አንድ ሌሊት ያላደረ ሰው ነው።

የማራኪው ምግባር የተማራኪውን ልብ እንዴት እንደሚለውጥ የራሳችን ታሪክ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ከዓድዋ በፊት፣ በጥር 1888 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ በሠራው ምሽግ ውስጥ ተከብቦ፣ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጩ ተይዞበት ውኃ ሲጠማ፣ አዛዡ ሻለቃ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ። ዐፄ ምኒልክ ያንን ጦር መሣሪያውን እንደያዘ በሰላም ወደ ወገኑ እንዲሄድ ፈቀዱ፤ የጭነት ከብትም ሰጡ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ አጉረምርሟል፤ ጋሊያኖም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዓድዋ ተሰልፎ እዚያው ወደቀ። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ነገር የዋህነት አልነበረም፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቃል እንደሚጸና፣ ለእርሱ እጅ የሰጠም ሕይወቱን እንደማያጣ በጠላት ሰፈር ሁሉ ተሰማ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የጠላት ጦር ሲፈርስ፣ ጄኔራሎቹ ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ሲሞቱ፣ ባራቲየሪ ሲሸሽ፣ ጄኔራል አልቤርቶኔ ግን ተማረከ፤ ከእርሱም ጋር በሺህ የሚቆጠሩ የኢጣሊያ ወታደሮች ተይዘው እስከ አዲስ አበባ ተጉዘው፣ በየሰዉ ቤት ተደልድለው ከረሙ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ውል ከተፈረመ በኋላም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ይህን የምናነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። በዚያው ዓድዋ፣ ለኢጣሊያ ተሰልፈው የተማረኩ በመቶ የሚቆጠሩ አስካሪዎች «ከዳተኞች ናችሁ» ተብለው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። የነጩን ምርኮኛ ያበላ አገር የጥቁሩን ምርኮኛ አካለ ጎደሎ አደረገ። የምርኮኛ ክብር በቀለሙ፣ በዘሩ ወይም በፖለቲካው ልክ እየተቆረጠ ከተሰጠ፣ ክብር ሆኖ አይቀርም፤ የድል አድራጊው ፈቃድ ብቻ ይሆናል።

ፋሺስቶች ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ፤ ዋጋውንም ራሳቸው ከፈሉ። የካሣ ልጆች በተሰጣቸው ቃል ላይ ከተገደሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ ራስ ደስታ ዳምጠው ተይዘው ከተረሸኑ፣ በየካቲት 12 ማግስትም ከጥቁር አንበሳ የአርበኞች ድርጅት አባላት መካከል አስቀድመው እጃቸውን የሰጡ ወጣቶች ሳይቀሩ ከተጨፈጨፉ ወዲያ፣ በሸዋ፣ በጎጃምና በበጌምድር ዱር የገባው አርበኛ «ግባ፣ ምሬሃለሁ» የሚለውን የጠላት ወረቀት የሚያነብበት ምክንያት አልነበረውም። በአውሮፕላን የሚጣለው የምሕረት ቃል የፍቼን ደም ተሸክሞ ነበርና ይወርድ የነበረው። ሰው እጅ መስጠት ሞት መሆኑን ካወቀ እስከ መጨረሻው ይዋጋል፤ በዚያ ውጊያ የሚሞቱት ደግሞ የምርኮኛው ገዳይ ጓዶች ናቸው። ምርኮኛ የገደለ አዛዥ ነገ በሚመጣው ጦርነት የሚወድቁትን የራሱን ወታደሮች ቁጥር ጨመረ ማለት ነው። በሕግ ቋንቋ ወንጀል፣ በጦር ሜዳ ቋንቋም ስንፍና ነው። (ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልደኛ ነው፦ ራስ እምሩ በታሠሩባት በፖንዛ ደሴት በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ራሱ እስረኛ ሆኖ ተወሰደ።)

የማራኪው ኃላፊነት ይህ ከሆነ፣ የላኪውስ? ይህ ጋዜጣ ብዙ ቃል ሊያጠፋበት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ጠላት ጭካኔ መጻፍ ቀላል ነው፣ ስለ ወገን መርሳት ግን ጥቂት ተጽፏል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የተማረኩ ኢትዮጵያውያን፣ ውጊያው በመጋቢት 1970 ዓ.ም. አብቅቶ ሳለ፣ አገራቸውን ያዩት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የጄኔቫው ሦስተኛ ስምምነት በ118ኛው አንቀጹ፣ ንቁ ውጊያ እንዳበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይለቀቁ ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት ያጸደቀችው ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት በ1962 ዓ.ም. መባቻ ነበር። ሆኖም የሞቃዲሾና የአዲስ አበባ መንግሥታት የየራሳቸውን ሒሳብ ሲያወራርዱ ዓመታት አለፉ፤ በየእስር ቤቱ ያሉት ሰዎች ፀጉራቸው ሸበተ፤ በየመንደሩ ያሉት ልጆቻቸው አባት ሳያውቁ አደጉ። ሁለቱ መንግሥታት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. የተስማሙት የምርኮኛው ጩኸት ተሰምቷቸው ሳይሆን ሁለቱም ከውስጥ ዓመፅ ጋር ተያይዘው በመዳከማቸውና ጦራቸውን ከድንበሩ ማንሣት ስላስፈለጋቸው ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወደ 3,500 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በቀይ መስቀል አማካይነት ተመለሱ። ከእነርሱ መካከል የኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪው ለገሠ ተፈራ ይገኙበታል፤ በሶማሊያ ሰማይ ላይ ተመትተው ከወረዱ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በእስር ቆይተዋል። አገሪቱ ለእርሳቸው ከፍተኛውን የጀግና ኒሻን ሰጥታለች፤ የሚገባቸውም ነው። ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር የተመለሱት፣ ማዕረጋቸው ዝቅ ያለ፣ ስማቸው በሬዲዮ ያልተጠራ ሺዎች ስንቶቹ ጡረታቸው ተቆጥሮላቸው፣ ስንቶቹስ የምርኮው ዘመን አገልግሎት ሆኖ ተመዝግቦላቸው እንደኖሩ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም።

የዚያው 1980 ዓ.ም. መጋቢት ወር በሰሜን ግንባር ሌላ ትምህርት ይዞ መጣ። አፍአበት ወደቀች፤ የናደው ዕዝ ፈረሰ፤ ብዙ ሺህ ወታደር ሞተ ወይም ተማረከ። የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ግን ያን ቀን አላዩትም፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በራሳቸው መንግሥት ትእዛዝ ተረሽነው ነበር። አዛዡን የገደለ መንግሥት ወታደሩን «እስከ መጨረሻው ተዋጋ» ለማለት ምን አፍ ይኖረዋል? ከፊቱ ጠላት፣ ከኋላው ደግሞ የራሱ መንግሥት የግድያ ትእዛዝ ያለበት ሰው መሣሪያውን ቢያስቀምጥ፣ የፈሪነት ሳይሆን የስሌት ውሳኔ ወስኗል።

ሌሎች አገሮች ከዚህ የከፋ ነገር አይተዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሶቪየት መንግሥት በ1933 ዓ.ም. ክረምት ባወጣው 270ኛ ትእዛዝ፣ የሚማረኩ መኮንኖችን ከዳተኛ ብሎ ቤተሰባቸው እንዲታሠር አዘዘ፤ ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ወታደሮቹን በጀርመን እጅ ከመግባት አላዳናቸውም፤ የስታሊን የራሱ ልጅ ያኮቭም ተማርኮ በጀርመን ካምፕ ሞተ። ማስፈራሪያው ውጊያውን አላረዘመም፤ ከሞት ካምፕ ተርፎ የተመለሰውን ሰው ግን ለሁለተኛ ጊዜ አሠረው።

«ምርኮኛ» የሚለው ቃል በእኛም ዘንድ ስድብ ሆኖ ኖሯል። በ1982 ዓ.ም. ከደርግ ሠራዊት ምርኮኞች መካከል በተወጣጡ ሰዎች ከተመሠረተው ድርጅት ጀምሮ፣ ተቃዋሚን በፖለቲካ ክርክር ማሸነፍ ያቃተው ሁሉ «የምርኮኛ ስብስብ» እያለ ሲሳደብ ሰምተናል። በድርጅቱ አቋም ላይ ትችት ማቅረብ የማንም መብት ነው፤ የአንድን ሰው የምርኮ ታሪክ ግን የነውር ማኅተም አድርጎ በግንባሩ ላይ መለጠፍ፣ በዚያው ጊዜ ተማርኮ ወደ ቀዬው ለተመለሰው ገበሬ ወታደርም የተወረወረ ድንጋይ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ትጥቁን ፈትቶ በየመንገዱ የፈሰሰውን፣ «የቀድሞው ሠራዊት» ተብሎ አንዳንዱም የወታደር ካፖርቱን እንደለበሰ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እጁን የዘረጋውን ወገናችንን የረሳ ሰው ካለ፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር የተከፈለበትን ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች ትዝታ ይጠይቅ።

ስለ ምርኮ ሕግ ሲነሣ ራሳችንን ከዳኝነት ውጭ ልናደርግ አይቻለንም። ከኤርትራ ጋር የተደረገውን ጦርነት የዘጋው የታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. የአልጀርስ ስምምነት የካሳ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ኮሚሽኑም ሰኔ 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በምርኮኞች ጉዳይ ሁለቱንም መንግሥታት በየድርሻቸው ጥፋተኛ አደረገ። ወደ 1,100 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን የያዘችው ኤርትራ፣ ቀይ መስቀል እንዳይጎበኛቸው ከሁለት ዓመት በላይ በመከልከሏ፣ ወታደሮቿ የተያዙትን ሰዎች በመግደላቸውና በመደብደባቸው፣ ጫማቸውን ቀምተው በእሾህና በድንጋይ ላይ ባዶ እግራቸውን በማስኬዳቸው ተጠያቂ ሆነች። ወደ 2,600 የሚጠጉ ኤርትራውያንን የያዘችው ኢትዮጵያም ነፃ አልወጣችም፤ በምግባቸው ጉድለት፣ በግድ በተሰጣቸው የፖለቲካ ትምህርት፣ በተለይም ኤርትራ ምርኮኞቿን በነሐሴ 1994 ዓ.ም. ከመለሰች በኋላ የእኛዋ አገር እስከ ኅዳር 1995 ዓ.ም. በማዘግየቷ ጥፋተኛ ተባለች። ያ ውሳኔ በአዲስ አበባም በአሥመራም ጥቂት ሰው ብቻ ነው ያነበበው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ሁለተኛው ክፍሉ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅመናል፤ ኤርትራ ያደረገችውን ልናርም አንችልም፣ ያደረግነውን ግን እንችላለን።

ታረምን? በሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት የተማረኩ በሺህ የሚቆጠሩ የመከላከያ ሠራዊት አባላት በመቀሌ ጎዳናዎች በሕዝብ ፊት ተሰልፈው እንዲሄዱ ተደረገ፤ ካሜራ ፊት ለፊታቸው፣ ጩኸት ግራና ቀኛቸው ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ዓባያ በሚገኝ ካምፕ ተይዘው የነበሩ የትግራይ ተወላጅ የሠራዊቱ አባላት በጠባቂዎቻቸው እጅ በጅምላ መገደላቸው በውጭ ጋዜጣ ምርመራ ተዘግቧል። ሁለቱ ድርጊቶች በክብደታቸው እኩል አይደሉም፤ ሞት ከውርደት ይከብዳልና። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፦ መሣሪያ የሌለው ሰው በእጃችን ሲወድቅ የቁጣችን ማብረጃ እንደሆነ የሚቆጥር ልማድ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ያሉት አባቶቻችን፣ ነገሩን ሲያዩ እንጂ ሲያመሰግኑ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህም አልቆመም። ዛሬ በአገራችን በሚካሄዱት ግጭቶች የተያዘ ሰው ገና ትንፋሹን ሳይመልስ ስልክ ይደገንበታል፤ ስሙን፣ የትውልድ ቀዬውን፣ የአዛዡን ስም ይጠየቃል፤ ከዚያም «ተታልዬ ነው» እንዲል ይደረጋል። የጄኔቫው ስምምነት 13ኛ አንቀጽ ምርኮኛን ከስድብና ከሕዝብ መመልከቻነት ይጠብቀዋል፤ 17ኛውም ከስሙ፣ ከማዕረጉ፣ ከትውልድ ቀኑና ከመለያ ቁጥሩ በላይ እንዲናገር አያስገድደውም። የእነዚህ አንቀጾች ሙሉ አካል የሚጸናው በመንግሥታት መካከል በሚደረግ ጦርነት ነው የሚል ተከራካሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይሁን፤ በአራቱም ስምምነቶች የጋራ የሆነው 3ኛ አንቀጽ በአገር ውስጥ ግጭትም መሣሪያውን ያስቀመጠ ሰው እንዳይገደል፣ እንዳይሰቃይ፣ እንዳይዋረድ ያዝዛል፤ የራሳችን የወንጀል ሕግም በ272ኛ አንቀጹ በምርኮኞች ላይ የሚፈጸመውን ድርጊት የጦር ወንጀል ብሎ ይቀጣል። የሕግ እጥረት የለብንም። ያንን ቪዲዮ የሚቀርጸው፣ የሚያሰራጨው፣ ተቀብሎም በዜና ሰዓት የሚያሳየው መገናኛ ብዙኃን ከጠባቂው ወታደር ጋር አንድ ኃላፊነት ይጋራል፤ ይህን የምንለው የሙያ አጋሮቻችንን እያሰብን፣ ራሳችንንም ሳናወጣ ነው።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልንዘለው አይገባም። ምርኮ ነውር ካልሆነ፣ ወታደሩ ሕይወቱን ማትረፍ እንደሚችል እያሰበ በመጀመሪያው ተኩስ እጁን ቢያነሣ፣ አገር በምን ትጠበቃለች? ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ በጦር ሜዳ የኖሩ ሰዎች ናቸውና በአክብሮት እንመልሳለን። መማረክና መክዳት አንድ አይደሉም። ለጠላት የሄደ፣ ምሽጉን ለገንዘብ የሸጠ፣ ጓዶቹን አሳልፎ የሰጠ ሰው ከዳተኛ ነው፤ ምሕረት የሚሰጠው ፍርድ ቤት ካገኘ ያገኛል። መዋጋት እየቻለ፣ ጥይቱ ሳያልቅ፣ ትእዛዝ ሳይደርሰው ጦሩን ያስረከበ አዛዥም በየትኛውም አገር የጦር ሕግ ይጠየቃል። ጥይቱን ጨርሶ፣ ውኃና ስንቅ ተቋርጦበት፣ ረዳት ጦር ቀርቶበት የተያዘ ወታደር ግን ግዴታውን ፈጽሟል፤ ከዚያ በላይ የሚሰጠው ነገር ሞቱ ብቻ ነው፣ ሞቱም ለአገሩ የሚጨምረው አንዳች የለም። የራስ እምሩ ሠራዊት በጎጀብ ዳር እስከ መጨረሻው ሰው ቢያልቅ የኢጣሊያ ወረራ በአንዲት ቀን እንኳ አያጥርም ነበር። ልዩነቱን የሚለየው ደግሞ የሠፈር ሐሜት፣ የፌስቡክ ችሎት ወይም የካድሬ ግምገማ አይደለም፤ ሥርዓት ያለው፣ ፈጣን፣ ተጠርጣሪው የሚናገርበት ወታደራዊ ምርመራ ነው። ምርመራው ንጹሕ ያለውን ሰው ከዚያ በኋላ በጥርጣሬ ማኖር፣ ከዕድገት ማስቀረት፣ በጎን ማስቀመጥ ቅጣት ነው፤ ያለ ወንጀል የተሰጠ ቅጣት።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ ፍርዱን ግልጽ ያደርጋል። ወታደር ከመማረክ እንዲሞት የሚጠይቅ ሥልጠና፣ መዝሙርና መፈክር ከሠራዊቱ መማሪያ ሊወጣ ይገባዋል፤ በምትኩ መቼና እንዴት እጅ እንደሚሰጥ፣ ሲያዝ ምን መናገርና ምን አለመናገር እንዳለበት፣ የያዘውንም እንዴት እንደሚጠብቅ የሚያስተምር ትምህርት ከተራው ወታደር እስከ ጄኔራሉ ይሰጥ። የመከላከያ ሚኒስቴር አንድ ወታደር እንደተያዘ ሲያውቅ ቤተሰቡ ከሚዲያ ሳይሆን ከመንግሥት እንዲሰማው የማድረግ ግዴታ አለበት፤ ደመወዙም ሊቋረጥ አይገባም፤ የምርኮው ዘመን እንደ አገልግሎት ይቆጠር፤ ሲመለስም ሐኪምና ምርመራ እንጂ ዝምታ አይጠብቀው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሠራዊቱን በጀት ሲያጸድቅ የጠፉና የተማረኩ ወታደሮችን ቁጥር መጠየቅ የሥልጣኑ አካል ነው፤ እስከ ዛሬ ይህን ጥያቄ ደጋግሞ ሲያቀርብ አልሰማንም። የያዝነውን ሰው በተመለከተም፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ በተያዘ በሳምንት ውስጥ ስሙ የሚመዘገብበትና ቀይ መስቀል የሚያገኝበት ሥርዓት ይኑር፤ የጄኔቫው ስምምነት ምርኮኛው ለቤተሰቡ «በሕይወት አለሁ» የሚል ካርድ እንዲጽፍ የሚፈቅደው ቢዘገይ ካምፕ በገባ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ነው። ለአንዲት እናት ያቺ ካርድ ከማንኛውም የድል ዜና ትበልጣለች፤ መርዶ ተቀምጣ ተዝካር ሳታወጣ የምትቆየው በእርስዋ ነውና።

አንድ ስም ግን ሳናነሣ ልናልፍ አንችልም። የአየር ኃይሉ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን በሻዕቢያ ተማርከው ተለቀው ወደ አገራቸው ሙያ ተመለሱ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ አውሮፕላናቸው በአሥመራ ሰማይ ላይ ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተያዙ። በ1994 ዓ.ም. ከኤርትራ ከተመለሱት ምርኮኞች መካከል አልነበሩም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. በአሥመራ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ሲፈርሙ፣ በአምስቱ ነጥቦች ውስጥ ድንበር ነበረ፣ ንግድና ትራንስፖርት ነበረ፣ የአካባቢው ሰላም ነበረ። ምርኮኛ የሚል ቃል አልነበረም። መንግሥት ኮሎኔሉ የት እንዳሉ የሚለውን ጥያቄ በይፋና በጽሑፍ ለአሥመራ ያቅርብ፤ የሚያገኘውንም መልስ፣ ምንም ይሁን ምን፣ በመጀመሪያ ለቤተሰባቸው፣ ቀጥሎም ለሕዝብ ያሳውቅ።